ስለ ጂሮ ዲታሊያ የተራራ ስቴጆች ጠይቁኝ (ጥያቄና መልስ)

ጃኬት ያዥ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በውስጥ መስመር ስለ ጂሮ (የጣልያኑ ትልቅ የሳይክል ውድድር) ተራሮች የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ለእያንዳንዱ መመለስ አቃተኝ፣ ስለዚ ሁሉም በሚያየው ቦታ እዚሁ ጠይቁኝ። ለማታውቁኝ፣ አንድ ትንሽ ቡድን ውስጥ ማሳጀር ሆኜ ሠርቻለሁ። እግር ማሸት፣ ኮዳ መሙላት፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ጃኬት ማቀበል ነበር ሥራዬ። ስለ ዳገት፣ ስለ ቁልቁለት፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ምግብ እስኪበቃችሁ ጠይቁ። "ዘንድሮ ማን ያሸንፋል" እንዳትሉኝ። ዓመት የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።

ሳሚ ፔዳል፦ ጋሼ እንኳን መጡልን! እኔ ቱር ደ ፍራንስን ነው የማየው፣ ጂሮ ከሱ በምን ይለያል?

ጃኬት ያዥ፦ ሁለቱም 21 ስቴጅ (የአንድ ቀን ውድድር) ናቸው፣ ሦስት ሳምንት፣ 3,400 ኪሎ ሜትር ገደማ። መሪው ፈረንሳይ ላይ ቢጫ ይለብሳል፣ ጣልያን ላይ ሮዝ፤ ሮዝ የሆነው ውድድሩን በ1909 የጀመረው ላ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት የሚባለው ጋዜጣ በሮዝ ወረቀት ስለሚታተም ነው፣ ማሊያው ራሱ የመጣው በ1931 ነው። ትልቁ ልዩነት ግን ወሩ ነው። ቱር በጁላይ ነው፣ እዛ ሙቀቱ ነው ሚጥልህ። ጂሮ በሜይ ነው፣ አልፕስ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በረዶው ገና አልቀለጠም፣ መንገዱን በማሽን ይጠርጉትና ግራ ቀኝ የበረዶ ግድግዳ ቆሞ በመሀል ነው ሚያልፉት። ሌላውን ሁሉ ከዚች ተነስተህ ትደርስበታለህ።

የዳገት ልጅ፦ እኔ አንድ ነገር አይገባኝም። ዳገቱን አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ሰው ከዛ በኋላ መውረድ ብቻ ነው እኮ የሚቀረው። እንዴት ነው ሚሸነፈው? ቁልቁለት ላይ ሁሉም እኩል ነው።

ጃኬት ያዥ፦ እሰይ፣ ይቺን ነበር ስጠብቅ የነበረው። ሁሉም እኩል አይወርድም ወንድሜ! እስቲ እናስላው። 20 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት አለ እንበል። አንዱ በአማካይ በ60 ከወረደ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ሌላው በ50 ከወረደ 24 ደቂቃ። አራት ደቂቃ! ዳገት ላይ አራት ደቂቃ ለመውሰድ አንጀትህን ማውጣት አለብህ፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጣቱ የደነዘዘ ሰው ዝም ብሎ ይሰጥሃል።

ጁን 5፣ 1988ን ሁሌ የማነሳው ለዚ ነው። ጋቪያ የሚባል የአልፕስ ተራራ፣ 2,618 ሜትር። ታች ዝናብ ነበር፣ ከፍ ሲሉ በረዶ ሆነ፣ ላይኛው መንገድ ያኔ ገና ፒስታ ስለነበር ጭቃ ሆነ። ዮሃን ቫን ደር ቬልደ የሚባል ሆላንዳዊ በአጭር እጅጌ ማሊያ አምልጦ ወጣና ጫፉን ብቻውን አንደኛ ሆኖ አለፈው። ከዛ እስከ መጨረሻው ከተማ ቦርሚዮ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው የቀረው። በቃ፣ ሰውነቱ ቆመ። መንገድ ላይ ወርዶ እስኪሞቀው ጠበቀ፣ መጨረሻው ላይ የደረሰው 47 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው። ደቂቃ ነው ያልኩት፣ ሰከንድ አይደለም።

በዛው ቀን አንዲ ሃምፕስተን የሚባለው አሜሪካዊ ቡድኑ ጠዋት የተራራውን አየር ሰምቶ የበረዶ ሸርተቴ ልብስ ሱቅ ገብቶ ወፍራም ጓንትና ኮፍያ ገዝቶለት፣ ትኩስ ሻይ ሞልቶለት ጫፉ አካባቢ ሰው አቁሞለት ነበር። ስቴጁን ኤሪክ ብሮይኪንክ በ7 ሰከንድ ቀድሞት ወሰደው፣ ሮዙን ማሊያ ግን ሃምፕስተን ለበሰና እስከ መጨረሻው አላወለቀውም፣ ጂሮን ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። እንደኔ የዛን ዓመት ጂሮ ግማሹ ያለቀው ጠዋት ጓንት የተገዛበት ሱቅ ውስጥ ነው።

ስለዚ አደራ፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቴሌቪዥኑን አታጥፉ። ውድድሩ ከዛ ነው ሚጀምረው።

ብሩክ ጂ፦ ጋሼ ዘንድሮ ማን የሚያሸንፍ ይመስሎታል?

ጃኬት ያዥ፦ ከላይ አንብብ።

ሄለን፦ ብርዱ ግን በትክክል ምን ያደርጋቸዋል? እነሱ እኮ ለዚ የሠለጠኑ ናቸው፣ ልብስም አላቸው።

ጃኬት ያዥ፦ ጥሩ ጠየቅሽ ሄለን። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣሽ ቁጥር አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ቦርሚዮ 1,225 ሜትር ላይ ነው፣ ከሱ በላይ ያለው የስቴልቪዮ ጫፍ 2,757፣ ስለዚ ከተማው ውስጥ 12 ዲግሪ ሆኖ ደስ ብሎሽ ብትነሺ ጫፉ ላይ ሁለት ነው ሚጠብቅሽ። ግን የቴርሞሜትሩ ቁጥር ትንሹ ነገር ነው። ልጁ ዳገቱን ከሰዓት በላይ በሙሉ ኃይሉ ሲወጣ ልብሱ በላብ ርሷል፣ ዚፑን እስከ እምብርቱ ከፍቶታል። ጫፉን ያልፍና በአንዴ እግሩ ሥራ ያቆማል፣ ሙቀት የሚሠራው ደሞ እግሩ ነበር፣ በዛ ላይ በ70 እና በ80 ሲወርድ ነፋሱ እርጥቡን ልብስ ደረቱ ላይ ይለጥፈዋል። መጀመሪያ ጣት ይሄዳል። ፍሬኑን ሲይዘው መያዙን አያውቀውም፣ ምን ያህል እንደጨመቀው አያውቅም፣ ስለዚ ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በፊት ቀድሞ ይይዛል፣ ሰዓቱ እዛ ጋ ነው ሚፈሰው። ቀጥሎ መብላት ያቆማል፣ ጄሉን (በትንሽ ከረጢት ያለውን የኃይል ምግብ) መክፈት አይችልማ።

አንድ ቀን አንዱ ልጃችን አጠገቤ ደርሶ ቆመ። መቆም የሌለበት ሰው። ምን ሆንክ ስለው ከንፈሩ አልታዘዝ ብሎት በአገጩ ዚፑን አሳየኝ። ዚፑን ዘጋሁለት፣ ጓንቱን አወለቅኩና ለመጠጥ የያዝኩትን ሻይ ጣቶቹ ላይ አፈሰስኩት፣ ጓንቱ ሲወልቅ ጣቶቹ ፍሬን እንደጨበጡ ታጥፈው ቀርተው ነበር፣ አንድ በአንድ ነው የዘረጋሁለት። አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ቆምን። ቀጥሎ የመጣው ልጅ ሳይቆም ጃኬቱን ነጥቆኝ ሄደ። ስቴጁ ሲያልቅ በሁለቱ መሀል 11 ደቂቃ ነበር፣ ጫፉን ሲያልፉ ግን ከ40 ሰከንድ አይበልጥም ነበር።

ሄለን፦ ወይኔ! አሁን ገባኝ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ።

ካቴና፦ ጀማሪ ነኝ፣ የትኛውን ሳይክል ልግዛ? ካርቦን ይሻላል አሉሚኒየም?

ጃኬት ያዥ፦ ለውድድር ሕጉ ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቅድም፣ ሁሉም እዛችው አካባቢ ናቸው። ስለ መግዛት ሌላ ሰው ጠይቅ።

ነፋስ ሰባሪ፦ ስለ 2025ቱ ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ ይንገሩን እስቲ። እኔ እስካሁን ዴል ቶሮ ለምን ዝም ብሎ እንዳየው አልገባኝም፣ አናዶኛል።

ጃኬት ያዥ፦ ኦ ፊኔስትሬ። 18.5 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ተዳፋትነቱ 9 ከመቶ በላይ፣ የመጨረሻው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ፒስታ ነው። ላላዩት ልጀምር። ከመጨረሻው ቀን በፊት ያለው 20ኛው ስቴጅ ነው። አይዛክ ዴል ቶሮ፣ የ21 ዓመት ሜክሲኳዊ፣ ሮዝ ለብሷል። ሪቻርድ ካራፓዝ በ43 ሰከንድ ይከተላል፣ ሳይመን ዬትስ በ1 ደቂቃ ከ21 ሦስተኛ። ዬትስ ዳገቱ ላይ አጠቃ፣ ሁለቱ ግን እርስ በርስ ተያዩ። "አንተ ሳበው"፣ "የለም አንተ ሳበው" እየተባባሉ እሱ ሄደ።

አሁን ልብ በሉ። ጫፉ ላይ ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላም ነበር። እነ ዬትስ ግን ጠዋት ዋውት ቫን አርትን ካመለጡት ጋር ቀድመው ልከውታል። ቫን አርት ተራራውን አልፎ ታች ሸለቆው ውስጥ ጠበቀው፣ ዬትስ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሲደርስ ያን የሚያህል ሰው ከፊቱ ገብቶ ነፋሱን ሰበረለት። ሸለቆ ውስጥ ፍጥነቱ ከፍ ስለሚል ሰው ኋላ መደበቅ ጉልበትህን በጣም ነው ሚቆጥብልህ፣ ገደላማ ዳገት ላይ ግን በ15 እና በ18 ስለምትሄድ ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም። ረዳት ዳገት ላይ ሳይሆን ከዳገት በኋላ ነው ሚያስፈልግህ የምለው ለዚ ነው። መጨረሻው ሴስትሪዬሬ ሲደርሱ ያቺ ሁለት ያልሞላች ደቂቃ ከአምስት በላይ ሆነች። ዬትስ ጂሮን በ3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ወሰደ።

ደሞ እዛው መንገድ ላይ በ2018 ሮዝ ለብሶ መጥቶ ተሰብሮ 38 ደቂቃ ገደማ ያጣው ራሱ ዬትስ ነው። ሰባት ዓመት ተሸክሞት ኖሮ እዛው ቦታ አወረደው። እኔ ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ሮዝ ማሊያ፦ ጥፋቱ የካራፓዝ ነው። ልምድ ያለው እሱ ነው፣ በ2019 ያሸነፈ ሰው ነው፣ ልጁን ማስተማር ነበረበት።

ነፋስ ሰባሪ፦ እንዴ! ማሊያውን የለበሰው ማነው? የለበሰ ሰው ነው ሚከላከለው። ካራፓዝ ምን ሊያተርፍ ነው ዴል ቶሮን ጎትቶ ሚያደርሰው?

ሮዝ ማሊያ፦ ሁለተኛነቱንም አጣው እኮ፣ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ! ጎትቶ ቢሄድ ምን ያጣ ነበር?

የዳገት ልጅ፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ጥፋቱ የዴል ቶሮ ቡድን ነው። ከፊት አንድ ሰው ልከው ቢሆን ኖሮ እነሱም እንደ ቫን አርት የሚጠብቅ ሰው ነበራቸው።

ሮዝ ማሊያ፦ አንተ ደሞ ቁልቁለት ላይ ሁሉም እኩል ነው ስትል አልነበር እንዴ ቅድም?

የዳገት ልጅ፦ ተምሬ ነዋ! ሰው አይማርም?

ብሩክ ጂ፦ ፖጋቻር ቢኖር እኮ ይሄ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር። በ2024 ስድስት ስቴጅ ወስዶ በ9 ደቂቃ ከ56 ነው ያሸነፈው። የምን ሸለቆ የምን ጃኬት።

ነፋስ ሰባሪ፦ ማን ስለ ፖጋቻር ጠየቀህ?

ጃኬት ያዥ፦ ኧረ ተዉ። ብሩክ፣ እሱን የሚያህል ሰው ሲኖር ሸለቆው አይታይም፣ ልክ ነህ፣ የቀረነው ግን በሸለቆ ነው ምንኖረው። በጥፋቱ ጉዳይ ሐሳቤን ልስጥና ይብቃ፦ የዳገት ልጅ ነው ልክ ያለው። ከፊት ሰው ያልላከ ቡድን ፊኔስትሬ ላይ ምርጫ የለውም። ልጁ 21 ዓመቱ ነው፣ አትጩኹበት።

2018ንም ጨምሩበት። ክሪስ ፍሩም በ3 ደቂቃ ከ22 ተቀድሞ አራተኛ ሆኖ ነበር ጠዋት የተነሳው። እዛው ፊኔስትሬ ላይ መጨረሻው 80 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ብቻውን ሄደ። ቡድኑ ዳገቱ ላይ በየቦታው ሰው አቁሞ ኮዳና ጄል ያቀብለዋል፣ እሱ ምንም ክብደት አይሸከምም። ጫፉ ላይ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ከኋላ ተፎካካሪው ቶም ዱሙላን የሌላው ተፎካካሪ የፒኖ ረዳት እስኪደርስ ቁልቁለቱ ላይ ጠበቀ፣ ተባብረን እናሳድደዋለን ብሎ፣ ያ መጠበቅ በላው። ፍሩም መጨረሻው ባርዶኔኪያ ላይ ከዱሙላን 3 ደቂቃ ከ23 ቀድሞ ደረሰ፣ ሮዙን ለበሰ፣ ጂሮን በ46 ሰከንድ አሸነፈ።

ዮኒ፦ ግን ፍሩም ያኔ የዶፒንግ ጉዳይ አልነበረበትም? ፓንታኒስ?

ጃኬት ያዥ፦ የፍሩም ጉዳይ በዛው ዓመት ጁላይ ላይ ተዘግቷል። ፓንታኒ በ1999 ማዶና ዲ ካምፒልዮ ላይ ከውድድር ወጥቷል። ከዚ በላይ እዚ አልገባም፣ አንዴ ከተጀመረ ሌላ ጥያቄ አይመለስም።

ሳሚ ፔዳል፦ የተራራ ንጉሥ ነጥብ እንዴት ነው ሚቆጠረው?

ጃኬት ያዥ፦ እንደ ዳገቱ ደረጃ ጫፉን ቀድሞ ያለፈ ይወስዳል። አንደኛ ደረጃ ዳገት 40 ነጥብ ነው፣ የውድድሩ ከፍተኛው ጫፍ ደሞ ቺማ ኮፒ ይባላል፣ 50። ስሙ የፋውስቶ ኮፒ ነው፣ ከ1965 ጀምሮ። ስቴልቪዮ ባለበት ዓመት ቺማ ኮፒ እሱ ነው፣ ኮፒ ራሱ ስቴልቪዮ በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ቀድሞ አልፎ ከሁጎ ኮብሌት ሮዙን የነጠቀበት ነው። ማሊያው ሰማያዊ ነው።

ማህሌት፦ የሴቶች ጂሮስ አለ?

ጃኬት ያዥ፦ አለ እንጂ! ኤሊዛ ሎንጎ ቦርጊኒ 2024ንም 2025ንም ወስዳዋለች። እዪው፣ ስለሱ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይጨምርላት።

ካቴና፦ ቢንያም ግርማይ ለምን ተራራ ላይ አያሸንፍም?

ጃኬት ያዥ፦ ሥራው አይደለማ። በ2022 የጄዚው ስቴጅ ላይ ቫን ደር ፑልን በስፕሪንት አሸንፎ የሦስት ሳምንት ትልቅ ውድድር ስቴጅ የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፣ ያን ቀንም መድረክ ላይ የጠርሙሱ ክዳን ዓይኑን መታውና ጂሮን ለቆ ወጣ። እንደሱ ዓይነት ሰው በተራራ ቀን ትግሉ ከሰዓት ገደብ ጋር ነው። ከኋላ ግሩፔቶ (የቀሩት ሰዎች ስብስብ) ሠርተው ተባብረው ነው ሚገቡት፣ ካለፈባቸው ከውድድር ይወጣሉ። እነሱም ቁልቁለት ላይ ነው ሰዓታቸውን ሚመልሱት፣ አያችሁ?

ዮኒ፦ ጎበዝ ዳገት ወጪ ለመሆን ምን ላድርግ?

ጃኬት ያዥ፦ ዕድሜህን አላውቅ፣ ኪሎህን አላውቅ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትነዳ አላውቅ። ምን ብዬ ልመልስልህ? አስተካክለህ ጠይቅ።

ዮኒ፦ እሺ፣ በውድድር ላይ ምን ያህል ነው ሚበሉት?

ጃኬት ያዥ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! አሁን ያሉት በሰዓት ከ90 እስከ 120 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወስዳሉ። አምስት ሰዓት በሚፈጅ ስቴጅ ከ450 እስከ 600 ግራም ማለት ነው። ሆድ ይሄን ያለ ልምምድ አይቀበልም፣ ወራት ይለማመዱታል። የሚበላው ደሞ ሳይርብ ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥር መዋጥ ይከብዳል፣ ስለዚ ከዳገቱ በፊት ሸለቆው ውስጥና ቁልቁለቱ ቀጥ ሲል ነው የሚበላው። በብርድ ቀን ጄሉን ጫፉን ቀደድ አድርጌ ነበር የምሰጣቸው፣ በጥርስ እንዲጨርሱት።

የዳገት ልጅ፦ እኛም በቁልቁለት እንደነሱ ፍሬሙ ላይ ቁጭ ብለን ብንወርድ ምን ያህል ይጨምርልናል?

ጃኬት ያዥ፦ አትሞክረው! ከ2021 ጀምሮ ለነሱም ተከልክሏል። እኔ ስለ ቁልቁለት አብዝቼ የማወራው ደፋር ሁኑ ለማለት አይደለም፣ ይሄን ደጋግሜ እላለሁ። ዋውተር ዌይላንት በሜይ 2011 ከፓሶ ዴል ቦኮ ሲወርድ ወድቆ ሞቷል፣ 26 ዓመቱ ነበር፣ የሱ ቁጥር 108 ከዛ ወዲያ ጂሮ ላይ ለማንም አይሰጥም። ስቴቨን ክራውስቪክ በ2016 ሮዝ ለብሶ፣ ሦስት ደቂቃ መርቶ፣ ኮሌ ዴላኔሎ ጫፍ እንዳለፉ የበረዶ ግድግዳ ውስጥ ገባ፣ ተገለበጠ፣ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ጂሮው የኒባሊ ሆነ። እነዚ መንገዱ ተዘግቶላቸው ነው። ለናንተ መንገዱ ክፍት ነው፣ ከፊት መኪና ይመጣል። ፍሬናችሁን ያዙ።

ሄለን፦ ጋሼ የመጨረሻ፣ ጃኬቱን ሳይቆሙ እንዴት ነው ሚለብሱት? በ2020 ስቴልቪዮ ላይ ጄይ ሂንድሊ ሲታገል አይቼ ልቤ ቆሞ ነበር።

ጃኬት ያዥ፦ አስታወስሽው! እጅጌው አልገባ ብሎት፣ ነፋሱ ጃኬቱን እያውለበለበበት፣ ከፊቱ ሮሃን ዴኒስና ቴዮ ጌጋን ሃርት እየሄዱ፣ እንደምንም ለብሶ ደረሰባቸው፣ ስቴጁንም ወሰደ። የዛን ቀን መጨረሻ ላይ ሮዙን የለበሰው የገዛ ቡድኑ ልጅ ኬልደርማን ግን ዳገቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ሂንድሊና ጌጋን ሃርት ወደ መጨረሻው የግል ሰዓት ውድድር በእኩል ሰከንድ ነው የገቡት፣ ጌጋን ሃርት በ39 ሰከንድ አሸነፈ።

አለባበሱ ላይ ግማሹ ሥራ የኛ ነው። ከጫፉ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለሽ ትቆሚያለሽ፣ ጫፉ ላይ ፍጥነት ይጨምራሉ፣ ታች ግን በ12 እና በ13 ነው ሚያልፉት፣ ለመልበስም ሜትሩ ይበቃቸዋል። ዚፑን ሙሉ በሙሉ ትከፍቻለሽ። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ አለመታጠፋቸውን እጅሽን አስገብተሽ ታረጋግጫለሽ፣ የሂንድሊ ዓይነት ጣጣ ብዙ ጊዜ እዚ ጋ ነው ሚጀምረው። ከዛ ኮሌታውን ይዘሽ፣ ውስጡን ወደሱ አዙረሽ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ ከጎኑ ትሮጫለሽ። እሱ መጀመሪያ ነፋስ የሚመጣበትን ወገን ክንድ ያስገባል፣ ያኔ ነፋሱ ራሱ ጃኬቱን ጀርባው ላይ ይለጥፍለታል፣ በተቃራኒው ከጀመረ ግን ሸራ ሆኖ ይወጠርበታል። ሁለተኛው ክንድ እስኪገባ አትለቂም። ዚፑን ራሱ እስከ ግማሽ ይዘጋዋል፣ የቀረውን በጥርሱ ኮሌታውን ይዞ ይስበዋል። ጓንት ካለ መጨረሻ ነው፣ ጓንት ለብሶ ዚፕ መዝጋት አይቻልም።

ጃኬት ካለቀብሽ ጋዜጣ ስጪው፣ አራት አጥፈሽ፣ ከማሊያው ሥር ደረቱ ላይ።